ኮሪያ የእንግሊዝኛ መንደር ሠርታ ምን አተረፈች?

በ2025 ኖቬምበር ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተሰጠ። ሱኑንግ ይሉታል። የዚያ ዓመት የእንግሊዝኛ ጥያቄ ጉድ አፈላ። ከፍተኛውን ደረጃ ያገኙት ከመቶ ተፈታኝ ሦስት ያህሉ ብቻ ሆኑ። ወላጅ ተቆጣ፣ መምህራን ተቆጡ፣ ብዙም ሳይቆይ የፈተናው ተቋም ኃላፊ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ይኸው አገር ከ20 ዓመት በፊት ልጆቹ እንግሊዝኛ እንዲናገሩ ብሎ ሙሉ መንደር ገንብቷል። ፖስታ ቤት፣ ባንክና ፖሊስ ጣቢያ ያለው፣ ግን ማንም ተወልዶ ያላደገበት መንደር። ጃፓን ደግሞ አውሮፕላን የማያርፍበት የኤርፖርት አዳራሽ አላት። ሁሉም የተሠሩት ለአንድ ዓላማ ነው፦ ልጁን እንግሊዝኛ ውስጥ መዝፈቅ። በትምህርቱ ዓለም ኢመርሽን ይባላል። በየማስታወቂያው ስለምንሰማው ምን እንደሆነና የት እንደሠራ ማየቱ አይከፋም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢመርሽን ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከገጠር የመጣ ልጅ መርካቶ ሱቅ ሲቀጠር አማርኛ የሚያስተምረው ሰው የለም። ሰዋስው የሚያስረዳው የለም። ዕቃ አምጣ ይባላል፣ ዋጋ ይጠየቃል፣ መልስ ይቆጥራል፣ ካልገባው ይሰደባል። በዓመቱ ደንበኛ ያግባባል። ቋንቋው የመጣለት ሲማረው ሳይሆን ሌላ ሥራ ሲሠራበት ነው።

ኢመርሽን ይህንኑ ወደ ትምህርት ቤት ያመጣል። እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ ስፖርቱንም በእንግሊዝኛ ማስተማር ማለት ነው።

በዘመናዊ ትምህርት መነሻ ሆኖ የሚጠቀሰው ካናዳ ነው። በ1965 በሞንትሪያል አጠገብ ሴንት ላምበርት በምትባል ከተማ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻቸው ከመዋለ ሕፃናት ጀምሮ በፈረንሳይኛ እንዲማሩ አደረጉ። ተመራማሪዎች ልጆቹን ለዓመታት ተከታተሏቸው። እንግሊዝኛቸው አልተጎዳም። ፈረንሳይኛ ሲሰሙ ደግሞ እንደ ባለ አገሩ ይገባቸው ነበር።

አንድ ጉድለት ግን ታየ። ልጆቹ ሲናገሩና ሲጽፉ ስህተታቸው አልለቃቸው አለ። ካናዳዊቷ የቋንቋ ተመራማሪ ሜሪል ስዌይን በ1985 ምክንያቱን አብራሩ፦ ልጆቹ ብዙ ይሰማሉ፣ ግን ሐሳባቸውን አጥርተው እንዲናገሩ የሚያስገድዳቸው ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ መስማት ብቻውን አፍ አያስፈታም። ይህቺን ነገር ያዝ እናድርጋት፣ ኋላ ትመጣለች።

ለምሥራቅ እስያ ሰዎች ለምን ይከብዳል?

ሰነፍ ስለሆኑ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። አንደኛው ምክንያት የቋንቋዎቹ ርቀት ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም አለው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስፓኒሽ ለማስተማር 700 የክፍል ሰዓት አካባቢ ይበቃል ይላል። ለኮሪያኛ፣ ለጃፓንኛና ለቻይንኛ ግን 2,200 ሰዓት ያዝዛል። አማርኛችን መሃል ላይ ነው፣ 1,100 ሰዓት። ቁጥሩ የተሠራው ከእንግሊዝኛ ለሚነሳ ሰው ነው። ሆኖም ከዚያኛው ወገን የሚመጣውም ሰው መንገዱ አጭር እንደማይሆንለት መገመት አይከብድም። በኮሪያኛና በጃፓንኛ ግሡ እንደኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሩ ከሥር ይገለበጣል።

ሁለተኛው ምክንያት አስፈላጊነት ነው። ሴኡል ወይም ኦሳካ የሚኖር ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ ማታ እስኪተኛ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳይናገር መዋል ይችላል። ዩኒቨርሲቲው በራሱ ቋንቋ ነው። ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ ፊልሙ፣ ጌሙ ሁሉ በራሱ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ለፈተናና ለቅጥር ነው እንጂ ለኑሮ አይደለም።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ኮሪያ እንግሊዝኛን ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ የምታስተምረው ከ1997 አንስቶ ነው። 3ኛና 4ኛ ክፍል በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ 5ኛና 6ኛ ሦስት። ጃፓን እስከ 2020 ድረስ እንግሊዝኛ በአንደኛ ደረጃ መደበኛ ትምህርት አልነበረም። አሁን ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ነው።

ታዲያ መንደሩ ከየት መጣ?

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኮሪያ ውስጥ አንድ ማኅበራዊ ችግር ወሬው በዝቶ ነበር። እናት ልጆቹን ይዛ እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ኒውዚላንድ ትሄዳለች። አባት እቤቱ ብቻውን ቀርቶ እየሠራ ገንዘብ ይልካል። በዓመት አንዴ እየበረረ ያያቸዋል። እንዲህ ያለውን አባት ጊሮጊ አፓ፣ የዝይ አባት ይሉታል። አገሩ ከዶላሩ ሌላ ቤተሰቡም አሳሰበው።

የሴኡል ጎረቤት የሆነው የግዮንጊ ክፍለ ሀገር አስተዳደር መላ አገኘሁ አለ። ልጁ ወደ ውጭ ከሚሄድ ውጭውን እዚህ እናምጣለት። በ2004 አንሳን ላይ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መንደር ተከፈተ። በዚያው ዓመት ሴኡልም ተከተለች። ትልቁ ግን በ2006 በሰሜን ኮሪያ ድንበር አቅራቢያ ፓጁ ላይ የተከፈተው ነው። ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል። ስፋቱ 28 ሄክታር ገደማ ነው።

መግቢያው ላይ የእንግሊዝ አገሩ የስቶንሄንጅ ድንጋዮች አምሳያ ቆሟል። ያኔ ሲገባ ኢሚግሬሽን ነበር። ልጁ ፓስፖርት የሚመስል ደብተር ይዞ ይሰለፋል። ፈረንጁ ሠራተኛ ከየት እንደመጣና ምን ሊሠራ እንደመጣ ይጠይቀዋል፣ ማህተም ይመታለታል። ከዚያ አስፋልቱ ይጀምራል። ግራና ቀኙ የአውሮፓ መልክ ያላቸው ቤቶች ናቸው። ባንክ ገብቶ ብር ይመነዝራል። ፖስታ ቤት ገብቶ ይልካል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ጠፋብኝ ይላል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ ኮሪያኛ መናገር አይፈቀድም። የሚያስተናግዱት ሰዎች ግማሽ መምህር፣ ግማሽ ተዋናይ ነበሩ።

ሥራውስ ሠራ?

ሒሳቡን እንሥራው። ብዙው ተማሪ የሚቆየው አምስት ቀን ገደማ ነበር፣ አንዳንዱም የአንድ ቀን ጎብኚ ነው። በቀን 10 ሰዓት ሙሉ እንግሊዝኛ ሰማ ብንል እንኳ ሳምንቱ 50 ሰዓት ነው። በ1974 የካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የፈረንሳይኛን ትምህርት ያጠና ቡድን ነበራት። ለመሠረታዊ ደረጃ 1,200 ሰዓት፣ ለመካከለኛ 2,100፣ ለከፍተኛው 5,000 ሰዓት ያስፈልጋል ብሎ ነበር። በዚህ ስሌት የፓጁ ሳምንት ለመሠረታዊው ደረጃ ከሚያስፈልገው ሰዓት ከሃያ አራት አንዱ እጅ ብቻ ነው። መንደሩ የቱንም ያህል ቢያምር ይህን ሒሳብ አይለውጠውም።

ሁለተኛው ችግር የስዌይን ነገር ነው። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ልጁ የሚልከው ደብዳቤ የለም። ባንክ ውስጥ ያለው ብር የራሱ አይደለም። ዝም ቢል የሚቀርበት ነገር የለም። አጠገቡ ያሉት ሠላሳ ልጆች ደግሞ ኮሪያውያን ናቸው። መምህሩ ዞር ሲል በየትኛው ቋንቋ እንደሚያወሩ መገመት ቀላል ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል አንድ ጥቅም ነበረው። ሌላ ጊዜ ፈረንጅ ሲያይ አንደበቱ የሚተሳሰር ልጅ ለሳምንት ከፈረንጅ ጋር እየሳቀ ይውላል። ፍርሃቱ ይቀንሳል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ለዚህ ብቻ የፈረንጅ መንደር መገንባት ያስፈልጋል ወይ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሳ። ተቺዎች በዚያ ገንዘብ ለየትምህርት ቤቱ መምህር መቅጠር ይቻል ነበር አሉ።

ፓጁ በኪሳራ ተመታ። አንሳን በ2012 ተዘጋ። የፓጁው ስሙን ቀይሮ አጠቃላይ የማሠልጠኛና የካምፕ ሥፍራ ሆነ። ያ ሁሉ የአውሮፓ መልክ ያለው ቤት ደግሞ ለድራማና ለቴሌቪዥን ትርኢት ቀረጻ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። የኮሪያ ድራማ የሚያዘወትር ሰው ሳያውቀው አይቶት ይሆናል።

በመሃሉ ሌላ ሐሳብ መጥቶ ነበር። በ2008 መጀመሪያ ተመራጩ ፕሬዚዳንት ሊ ሚዮንግ ባክ ሥልጣን ሊረከቡ ሲሉ የሽግግር ኮሚቴያቸው ሌሎች የትምህርት ዓይነቶችም በእንግሊዝኛ ይሰጡ የሚል ዕቅድ አወጣ። አገሩ ተንጫጫ። ሳይውል ሳያድር ተሰረዘ። በሺህ በሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ከየት ይመጣል?

ጃፓን ምን አደረገች?

ጃፓን ቀደም ብላ ጀምራለች፣ ግን በተለያየ መንገድ። ከ1994 ጀምሮ በፉኩሺማ ክፍለ ሀገር ተራራ ላይ ብሪቲሽ ሂልስ የሚባል የእንግሊዝ ባላባት ግቢ የመሰለ ማረፊያ አለ። መፈክሩ «ፓስፖርት የማይጠይቅ እንግሊዝ» ነው። ኮሪያ ፓስፖርት ሰጥታ አስገባች፣ ጃፓን ያለ ፓስፖርት።

ለማወዳደር የሚሻለው በ2018 ቶኪዮ የተከፈተው ቶኪዮ ግሎባል ጌትዌይ ነው። የከተማው አስተዳደርና የግል ድርጅቶች አብረው የሠሩት ነው። ኤርፖርት፣ ሆቴል፣ የአውሮፕላን ውስጥ ወንበር ሳይቀር አለው። ከፓጁ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ስምንት ተማሪዎች አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አስተናጋጅ ተመድቦላቸው ቀኑን ሙሉ አብሯቸው ይዞራል። አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠጣ ነገር ማዘዝ ያለበት ራሱ ልጁ ነው። ስምንት ሰው ውስጥ መደበቅ አይቻልም። ሠላሳ ውስጥ ይቻላል።

ይሁንና ይህም የአንድ ቀን ነገር ነው። ቶኪዮዎችም ይህን ያውቃሉ። ልጁ ትምህርት ቤት የተማረውን የሚሞክርበት ቦታ እንጂ የሚማርበት ቦታ አይደለም። ለዚህ ይመስለኛል እንደ ፓጁ ያልተወቀሰው። የገባው ቃል ትንሽ ነው። በ2023 ታቺካዋ ላይ ሁለተኛው ተከፍቷል።

እውነተኛው ኢመርሽን የትኛው ነው?

ብዙ የማይወራለት ነው። ፉጂ ተራራ አጠገብ ኑማዙ ከተማ ውስጥ ካቶ ጋኩኤን የሚባል የግል ትምህርት ቤት አለ። በ1992 የጃፓንን የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ኢመርሽን ፕሮግራም ጀመረ። ስቶንሄንጅ የለው፣ ኢሚግሬሽን የለው። የ1ኛ ክፍል ልጆች ሒሳቡንና ሳይንሱን በእንግሊዝኛ፣ ጃፓንኛውን በጃፓንኛ ይማራሉ። በታችኛው ክፍል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። መምህሯ በወረቀት መቁረጥ ላይ እያለች መቀስ ብትል ልጁ መቀስ ማንሳት አለበት። ቃሉ የሚገባው ሥራው ላይ ነው። ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሲቆጠር ሰዓቱ በሺዎች ነው። ልጆቹ በጃፓንኛና በሒሳብ ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ እንዳልቀሩ ጥናት ተደርጎ ታይቷል። በ2005 በጉንማ ክፍለ ሀገር ኦታ ከተማም ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ እዚያ ትምህርቱ 70 በመቶው በእንግሊዝኛ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይሠራል። ግን ክፍያ አለው፣ መምህሩ በጣት የሚቆጠር ነው፣ አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ አገር አይደለም። በዚሁ መንገድ ኮሪያም በጄጁ ደሴት ከ2011 ጀምሮ የእንግሊዝና የሰሜን አሜሪካ ትምህርት ቤቶችን ቅርንጫፍ አስከፍታለች። ለባለ ገንዘብ ነው።

ለአዋቂዎችስ? ራኩተን የሚባለው የጃፓን የኢንተርኔት ገበያ ኩባንያ ያደረገው ይገርማል። አለቃው ሂሮሺ ሚኪታኒ በ2010 የድርጅቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል አሉ። ስብሰባው፣ ኢሜሉ፣ የካፌው ሜኑ ሳይቀር። የሁለት ዓመት ጊዜ ተሰጠ፣ በ2012 በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። የሚፈለገውን ነጥብ ያላመጣ ከደረጃው ሊወርድ ይችል ነበር። ሰዎች ተጨነቁ፣ የተማረረም ነበር። ግን ቶይክ በሚባለው የሥራ እንግሊዝኛ ፈተና የሠራተኞቹ አማካይ ውጤት ከ526 ተነስቶ በአምስት ዓመት ውስጥ 800 አካባቢ ደረሰ። እዚህ ጋ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፖስታ ቤቱ የውሸት አይደለም፣ ደመወዙም የእውነት ነው።

ጉዳት የለውም?

አለው። ይህንን ከሆንግ ኮንግ መማር ይቻላል። እዚያ ልጆች አንደኛ ደረጃን በካንቶኒዝ፣ ማለትም በከተማው ቻይንኛ ተምረው ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ይማሩ ነበር። በ1998 መንግሥት ለ114 ትምህርት ቤቶች ብቻ ፈቅዶ ሌሎቹ በቻይንኛ ያስተምሩ አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በእንግሊዝኛ የተማሩት እንግሊዝኛቸው በመጠኑ እንደተሻሻለ አገኘ። ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ሳይንስ ላይ ግን ክፉኛ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ቋንቋው ሳይደርስ ትምህርቱ ከባድ ሆነባቸው። የካቶ ጋኩኤን ልጅ በ6 ዓመቱ «ቀይ» እና «መቀስ» ብሎ ይጀምራል። የሆንግ ኮንጉ በ12 ዓመቱ በቀጥታ ስለ ፎቶሲንተሲስ ያነባል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥም በአብዛኛው ክልል ተማሪው በአፍ መፍቻው ተምሮ በ7ኛ ወይም በ9ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ሆንግ ኮንግ ይህን ያየችው እንግሊዝኛ በየመንገዱ ተጽፎ በሚታይበት፣ መጻሕፍት በሞሉበት ከተማ ነው።

ሆንግ ኮንጎች እንኳ ውሳኔያቸውን አጽንተው አልቀሩም። ወላጆች ልጃቸው በቻይንኛ እንዲማር መደረጉን እንደ ዝቅታ ቆጠሩት። ከ2010 ጀምሮ ሕጉ ላላ።

ፈተናው የማይለካውን ማን ይማራል?

ወደ ሱኑንግ እንመለስ። የእንግሊዝኛው ክፍል 45 ጥያቄ አለው። 17ቱ የማዳመጥ ናቸው። ካሴቱ በሚሰማበት ሰዓት ለ35 ደቂቃ ያህል አገር ውስጥ አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም። ድምፅ እንዳይረብሽ። እንዲህ በሚከበር ፈተና ውስጥ መናገር የሚባል ክፍል ጨርሶ የለም።

ስለዚህ የኮሪያ ወላጅ ገንዘቡን የሚያፈሰው ወደ ፈተናው ነው። ሃግዎን የሚባሉ የግል ማስጠኛ ቤቶች አሉ። በ2024 የኮሪያ ቤተሰቦች ለግል ማስጠናት ያወጡት 29.2 ትሪሊዮን ዎን ነው። የእንግሊዝኛ «መዋለ ሕፃናት» የሚባሉትም በሕግ ሲታዩ ሃግዎን ናቸው። በወር በአማካይ 1.5 ሚሊዮን ዎን ያህል፣ ማለትም ከ1,000 ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። በሰዓት ቢቆጠር ከፓጁ መንደር የበለጠ ኢመርሽን ያለው እዚህ ነው። ግን ከዚያ ሲወጡ ታዋቂው ሃግዎን ለመግባት ሌላ ፈተና ይጠብቃቸዋል። «የ7 ዓመት ፈተና» ተብሎ በ2025 አገሩን ያወያየው ይኸው ነው።

ቻይና በ2021 ሌላ መንገድ ያዘች። በትምህርት ዓይነቶች ላይ ለትርፍ የሚያስጠኑ ድርጅቶችን አገደች፣ ከውጭ አገር ሆነው ቻይናውያን ልጆችን በኢንተርኔት የሚያስተምሩትንም ከለከለች። የብዙ ፈረንጅ እንጀራ ተዘጋ። ታይዋን ደግሞ በተቃራኒው በ2030 ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ይኑረኝ ብላ ሌሎች ትምህርቶችን በእንግሊዝኛ ማስገባት ጀምራለች። የመምህር እጥረቱ እዚያም አልቀረም።

ፈተናውን የነካው የቶኪዮ ከተማ አስተዳደር ነው። በ2022 ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ መናገር ፈተና አመጣ፣ ውጤቱም ለሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ይቆጠራል። ልጁ ማይክ ያለው ማዳመጫ አድርጎ ታብሌት ላይ ይናገራል። ጩኸቱ ብዙ ነበር፦ ያጎራበተው ልጅ ድምፅ ይሰማል፣ አስተራረሙ ግልጽ አይደለም ተባለ። ያም ሆኖ መምህሩ ክፍል ውስጥ ልጁን ለማናገር ምክንያት አገኘ።

ኢትዮጵያዊ እዚያ ሄዶ ማስተማር ይችላል?

ይህን ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ ልመልሰው። ኮሪያ ለቋንቋ መምህር የምትሰጠው ቪዛ ኢ-2 ይባላል። ለእንግሊዝኛ የሚሰጠው በመደበኛው የሰባት አገር ዜጋ ለሆነ ሰው ነው፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያ ዲግሪና ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይጠየቃል። ዲሲ ወይም ቶሮንቶ ያደገ፣ የአገሩን ፓስፖርት የያዘ ሐበሻ ማመልከት ይችላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እንግሊዝኛው የቱንም ያህል ቢጠራ በዚህ በር አይገባም። ለሌላ ሥራና ለትምህርት ያሉት ቪዛዎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በደላላ በኩል «እንግሊዝኛ መምህር አድርገን እንወስዳለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ መጀመሪያ የቪዛውን ዓይነት ጠይቁ።